ስሜን፦ ደቡብም ሰሜንም የነበረ ተራራ

ከደባርቅ ከተማ የሚወጣ የመንግሥት ደብዳቤ ራስጌው ላይ «ሰሜን ጎንደር ዞን» የሚል ጽሑፍ አለው። ማኅተሙም ይህንኑ ይላል። አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ተቀምጦ ለሚያነበው ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ ከጎንደር በስተ ሰሜን ያለው አገር ማለት ነው። ያንኑ ደብዳቤ ለማስፈጸም ከበየዳ ወይም ከጃናሞራ በእግሩ የወረደው ገበሬ ግን ቃሉን ሲሰማ ትዝ የሚለው አቅጣጫ አይደለም። ለእሱ ስሜን አገር ነው፤ ተወልዶ ያደገበት፣ ገብስ የሚዘራበት፣ አባቶቹ የተቀበሩበት ተራራ። ብዙ የቆዩ ጽሑፎችም «የስሜኑ ደጃች ውቤ» ሲሉ ቃሉን በ«ስ» ይጀምሩታል። በዚህ ጽሑፍም አገሩ «ስሜን»፣ አቅጣጫው «ሰሜን» ተብሎ ይጻፋል።

ታዲያ ከሁለቱ የቱ ይቀድማል? አገሩ ነው ከአቅጣጫው ስሙን የወሰደው ወይስ አቅጣጫው ከአገሩ? ይህን የሚጠይቅ ሰው ከተራራው ርቆ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ወደ ጥንታዊቷ የአዱሊስ ወደብ መውረድ አለበት።

በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ አፄ ካሌብ ባሕር ተሻግረው ለመዝመት በሚሰናዱበት ወራት፣ ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ ደርሶ ነበር። ከከተማዋ ወደ አክሱም በሚያወጣው መንገድ ላይ የእብነ በረድ ዙፋን ቆሟል፤ በላዩም ረጅም የግሪክኛ ጽሑፍ ተቀርጿል። ካሌብ ጽሑፉ ተገልብጦ እንዲላክላቸው የአዱሊስን ገዥ አዘዙ፤ ገዥው ደግሞ ሥራውን ለኮስማስና ለባልንጀራው ሰጠ። ኮስማስ አንዱን ቅጂ አስረከበ፣ ሌላውን ለራሱ አስቀረ። ዙፋኑ ዛሬ የለም። ቃሉ የተረፈው ያ ነጋዴ አገሩ ተመልሶ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ በማስገባቱ ነው።

ጽሑፉን ያስቀረጸው ንጉሥ ስም በቅጂው ላይ አይገኝም። ተመራማሪዎች ግን ከካሌብ ብዙ ዘመን ቀድሞ፣ በ2ኛው ወይም በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሠ የአክሱም ንጉሥ ነው ይላሉ። ንጉሡ ያስገበራቸውን ሕዝቦች በየተራ ይጠራል። አጋመ አለበት፤ አገው ነው ተብሎ የሚታመን ስምም አለበት። ከዚያ ወንዝ ተሻግሮ ስሜን የሚባሉ ሰዎችን እንደወጋ ይናገራል። ወንዙን ዓባይ ይበለው እንጂ ከቦታው አንጻር ተከዜ መሆኑን የታሪክ ሊቃውንት ይስማሙበታል። እነዚህ ሰዎች የሚኖሩበት ተራራ ለመውጣት የሚያስቸግር ነው፤ በረዶና ውርጭ አይለየውም፤ በረዶውም የሰውን ጉልበት እስኪውጥ ድረስ ይከመራል ይላል ንጉሡ።

ጉልበት የሚውጠው በረዶ የድል አድራጊ ንጉሥ ማጋነን ሊኖርበት ይችላል። ብርዱ ግን እውነት ነው። በራስ ደጀንና በቧሂት አናት ላይ ዛሬም በረዶ ሲጥል ይታያል፤ በበጋ ሌሊት በዕቃ ያደረ ውሃ ጠዋት ረግቶ ይገኛል። የአገራችን ገበሬ ምድሩን ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ ብሎ ከከፈለ በኋላ ከደጋውም በላይ ላለው ከፍታ ውርጭ የሚለውን ስም የሰጠው እንዲህ ላለው አገር ነው። ከ1,700 ዓመት በላይ አስቀድሞ አንድ ንጉሥ ድንጋይ ላይ ያስጻፈው ብርድ፣ ዛሬ አንድ የጃናሞራ እረኛ ጋቢውን ጭንቅላቱ ላይ ጠምጥሞ የሚከላከለው ያው ብርድ ነው።

በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ስሜን የሕዝብ ስም ሆኖ መምጣቱን ልብ ማለት ያሻል። አክሱም ላይ ለቆመ ሰው ይህ ተራራ በየትኛው በኩል ነው? በደቡብ። ከአክሱም እስከ ራስ ደጀን በቀጥታ ቢለካ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰማዩ ሲጠራ ከተከዜ ሸለቆ ማዶ ጥርሳም ሆኖ የሚታየው ጥቁር ግንብ የደቡቡን አድማስ ይዘጋዋል። ሪቻርድ ፓንክኸርስትን ጨምሮ የታሪክ ተመራማሪዎች የሚሰጡት ማብራሪያም በዚህ ላይ የቆመ ነው፦ በጥንቱ ግዕዝ ሰሜን የሚለው ቃል ደቡብን ያመለክት ነበር፤ ምክንያቱም ያ ተራራ ያለው ከአክሱም በስተ ደቡብ ነውና።

ለዛሬ አማርኛ ተናጋሪ ይህ ጆሮ ላይ አልቀመጥ የሚል ነገር ነው። አቅጣጫ እንዴት ይዞራል? ነገር ግን አራቱን ማዕዘናት አንድ በአንድ ማየት ነገሩን ያቀለዋል። ምሥራቅ «ሠረቀ» ከሚለው የግዕዝ ግስ የወጣ፣ ፀሐይ የሚወጣበት ቦታ ነው። ምዕራብ «ዐረበ» ከሚለው የወጣ፣ ፀሐይ የሚገባበት ነው። ሁለቱም ሰማይ ላይ የተቸከሉ ናቸውና ማንም አያዞራቸውም። ሰሜንና ደቡብ ግን በፀሐይ መውጫና መግቢያ አልተያዙም። ስለዚህ ሰው ያለበትን ቦታ ተከትለው መዞር ይችላሉ፤ ዞሩም። በጥንታዊ የግዕዝ ጽሑፎች ደቡብ የሚለው ቃል ሰሜንን የሚያመለክትበት ቦታ ሁሉ አለ፤ ሁለቱ ስሞች ዘመን ሲገፋ ቦታ ተለዋውጠዋል።

አቅጣጫን በአገር ስም መጥራት ደግሞ የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም። የመጽሐፍ ቅዱስ ዕብራይስጥ ደቡብን የሚጠራው በነጌቭ በረሃ ስም ነው፤ ምዕራብን ደግሞ ባሕር ይለዋል፣ ለእስራኤል ሰው ባሕሩ ያለው በዚያ በኩል ስለሆነ። ሁለቱ ቃላት ኢየሩሳሌም ላይ ቆሞ ዙሪያውን ያየ ሰው ቃላት ናቸው። ሰሜንም እንዲሁ አክሱም ላይ ቆሞ ያየ ሰው ቃል ነበር።

ከዚያ ያየው ሰው ከአክሱም ተነሣ። የመንግሥቱ ማዕከል መጀመሪያ ወደ ላስታ፣ ወደ ሮሃ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1270 አፄ ይኩኖ አምላክ ዙፋኑን ሲይዙ ሥልጣን ወደ አማራና ወደ ሸዋ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1636 አፄ ፋሲል ጎንደርን ቆረቆሩ። ከእነዚህ ቦታዎች በየትኛውም ላይ ለቆመ ንጉሥ፣ ጸሐፊ ወይም ነጋዴ ስሜን ያለው ከበላዩ ነው። «ወደ ስሜን ዘመተ» የሚለው ሐረግ ወደ ደቡብ መውረድን ሳይሆን ወደ ሰሜን መውጣትን የሚያመለክት ሆነ። ተራራው ካለበት ንቅንቅ አላለም፤ የተጓዘው ዙፋኑ ነው። እያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ ተማሪ በኮምፓስ ላይ «ሰሜን» ብሎ ሲያነብ የአክሱምን መዳከምና የመንግሥትን ወደ ደቡብ መንጎድ የያዘ ቃል ነው የሚያነበው። በድንጋይ የተሠራ ሐውልት እንኳ ይህን ያህል የታሪክ ጉዞ በአንድ ቃል አይሸከምም።

ስሜን ከማዕከል መራቁ፣ ማዕከሉን ሸሽተው ለሚወጡ ሰዎች መጠጊያ አድርጎታል። የመጀመሪያው ታላቅ ስደተኛ እንደ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ቅዱስ ያሬድ ነው። ያሬድ በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም ንጉሡ በዜማው ተመስጠው የጦራቸውን ጫፍ እግሩ ላይ እንደተከሉት፣ እሱም ሕመሙ እንዳልተሰማው፣ በኋላ ንጉሡ ስለ ካሳው ምን ላድርግልህ ሲሉት ወደ ስሜን ሄጄ በብሕትውና ልኑር ብሎ እንደተሰናበተ ትውፊቱ ይተርካል። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን የዜማ ስልቶች ያወረሰ ሊቅ መጨረሻው በዚህ ተራራ ላይ ሆነ። ዛሬ ከ4,400 ሜትር በላይ ከፍታ ካላቸው የስሜን ራሶች መካከል ቅዱስ ያሬድና አባ ያሬድ የሚባሉት ስማቸውን ያገኙት ከዚህ ነው።

ሁለተኞቹ ቤተ እስራኤል ናቸው። በስሜን ገደሎች ላይ ራሳቸውን ችለው፣ የራሳቸውን መሪ ሾመው፣ ለዘመናት ኖረዋል። አፄ ይስሐቅ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወጓቸው፤ አፄ ሠርፀ ድንግል በ1570ዎቹ መጨረሻና በ1580ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደጋግመው ዘመቱባቸው። የሠርፀ ድንግል ዜና መዋዕል ጸሐፊ የጠላት ወገን ሆኖ እንኳ ሊያልፈው ያልቻለ አንድ ነገር መዝግቧል። የተማረከች ሴት እጇ ከማራኪዋ እጅ ጋር ታስሮ በገደል አፋፍ ስትነዳ፣ ፈጣሪዋን ጠርታ ራሷን ወደ ገደሉ ወረወረች፤ ማራኪዋንም ይዛው ወረደች። ጸሐፊው ይህን የጻፈው በአድናቆት ነው። እንዲህ ያለው ገደል ዛሬ ለጎብኚ ፎቶግራፍ ማንሻ ነው፤ አንዳንዱ ከአፋፉ እስከ ሥሩ 1,000 ሜትር ያልፋል። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1620ዎቹ፣ የመጨረሻው ታላቅ መሪ ጌዴዎን ተገደለና የስሜን ቤተ እስራኤል ነፃ ግዛት አበቃ። ልጆቻቸው በስሜን፣ በወገራና በደምቢያ መንደሮች በሸማኔነት፣ በቀጥቃጭነትና በሸክላ ሠሪነት ኖረው ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወደ እስራኤል ሄዱ። እነዚያ ሰዎች በኢየሩሳሌም ስግድ የተባለውን በዓላቸውን ለማክበር ኮረብታ ላይ ሲወጡ የሚከተሉት ሥርዓት አባቶቻቸው በእነዚህ ተራሮች ላይ ይፈጽሙት የነበረውን ነው።

ከስሜን መንደሮች ሁሉ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ስሟ ጎልቶ የተጻፈው ግን ደረስጌ ናት። በጃናሞራ ከፍታ ላይ ያለች፣ ከአውራ ጎዳና የራቀች የገጠር መንደር ስትሆን ዝናዋን ያገኘችው በአንድ ቤተ ክርስቲያንና በአንድ ሳምንት ነው።

ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ከአባታቸው ቀጥለው እ.ኤ.አ. ከ1826 ጀምሮ ስሜንን ገዙ፤ በ1831 ትግራይን ጨመሩበት። ግዛታቸው ከዚህ ተራራ ተነሥቶ ወደ ቀይ ባሕር የተዘረጋ ነበር። ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብፅ መልእክተኛ ልከው፣ ወጪውን ከፍለው፣ አቡነ ሰላማ እ.ኤ.አ. በ1841 አገር ውስጥ እንዲገቡ ያደረጉትም እሳቸው ናቸው። ደረስጌ ማርያምን አሠሩ፤ ቅጥሩ የተከበረ፣ ውስጡ በሥዕል የተሞላ ክብ ቤተ ክርስቲያን። ብዙዎች እንደሚሉት ለራሳቸው የዘውድ በዓል ነበር ያሰቡት።

ከቋራ የተነሣው ካሣ ኃይሉ አንድ በአንድ መሳፍንቱን አሸንፎ በመጨረሻ ወደ ስሜን ወጣ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ አጠገብ በተደረገው ውጊያ ውቤ ተማረኩ። በዚያው ሰሞን ካሣ፣ ውቤ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤ ባስመጧቸው ጳጳስ እጅ ተቀብቶ «ቴዎድሮስ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ተባለ። ዘመነ መሳፍንት በዚያች መንደር ተዘጋ። የዘመናዊት ኢትዮጵያን ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ መነሻ የሚያደርጋት ዕለት የዋለችው ስሜን ውስጥ፣ ብዙ ኢትዮጵያዊ በካርታ ላይ ጠቁም ቢባል ሊያገኛት በማይችል መንደር ነው። ይህ ያሳዝናል። መቅደላ የቴዎድሮስ መሞቻ በመሆኗ ስንት ተዘፈነላት፤ የነገሡባት ደረስጌ ግን ከጠቀሳት የረሳት ይበዛል።

የውቤ ልጅ ጥሩወርቅ የቴዎድሮስ ሚስት ሆነች፤ በእንግሊዞች ተወስዶ በዊንዘር የተቀበረው የልዑል ዓለማየሁ እናት እሷ ናት። የውቤ ወንድም ደጃዝማች ብጡል ኃይለ ማርያም ደግሞ ጣይቱን ወለዱ። ጣይቱ ብጡል ምኒልክን አግብተው፣ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ ወርደው፣ የቦታውን ልምላሜ አይተው «አዲስ አበባ» የሚል ስም ሰጡ። የመንግሥቱ ማዕከል ከአክሱም ተነሥቶ ወደ ደቡብ ያደረገው ጉዞ ያበቃው እዚያ ነው። ከዚያች ከተማ ሲታይ ስሜን ያላንዳች ጥርጥር ሰሜን ነው። ለዚያች ከተማ ስም ያወጡላት ሴት ደግሞ የአባታቸው ዘር ከስሜን ነው።

ትልቁ ስም ይህን ያህል ካወራ፣ በውስጡ ያሉት ትናንሾቹ ዝም አይሉም። ደረስጌ ያለችበት ወረዳ ጃናሞራ ይባላል፤ ጃን አሞራ ማለት ነው። «ጃን» በድሮው አማርኛ የንጉሥ መጠሪያ ነው፤ ጃንሆይ ስንል፣ ጃን ሜዳ ስንል እሱኑ እንጠራለን። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዜና መዋዕሎች ውስጥ ጃን አሞራ በዚሁ ስም የሚታወቅ፣ «ጨዋ» ከሚባሉት የንጉሥ ጦሮች አንዱ ነው። ነገሥታቱ እንዲህ ያለውን ጦር ዳር አገር ላይ ያሰፍሩት፣ ወታደሩም እዚያው ሚስት አግብቶ፣ መሬት ይዞ ይቀመጥ ነበር፤ ጊዜ ሲያልፍ የጦሩ ስም የአገሩ ስም ይሆናል። ዛሬ ጃናሞራ ላይ ገብስ የሚያርሰው ሰው የሚኖረው በአንድ የጥንት ክፍለ ጦር ስም ውስጥ ነው። ከሊማሊሞ ቁልቁለት በታች ያለችው አዲ አርቃይ ደግሞ ስሟን የምትጀምረው ትግርኛ ተናጋሪ አገር ወይም መንደር በሚልበት ቃል ነው። ሁለት ቋንቋ በአንድ ተራራ ሁለት ጎን ላይ ስም አውጥቷል።

በፓርኩ መንገድ የሚሄድ ሰው የሚያልፍባቸው ስሞች አብዛኛዎቹ የመልክዓ ምድር ቃላት ናቸው። ሳንቃ በር፣ ቡይት ራስ፣ አምባ ራስ። በደጋ አገር «በር» ማለት ተራራ የሚታለፍበት ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ ጣርማ በርና አንኮበርም ከዚሁ ወገን ናቸው። ሳንቃ በርን ያየ ስሙ ይገባዋል፤ ግራና ቀኙ ገደል ሆኖ መሃሉ ላይ መንገዱ የሚያልፍበት ቀጭን ጀርባ ነው። «ራስ» የተራራ አናት ነው፤ «አምባ» ዙሪያው ገደል፣ ላዩ ሜዳ የሆነ የተፈጥሮ ምሽግ። እነዚህን ስሞች ያወጣቸው ሰው ጠላት በየት እንደሚመጣ፣ ከብት በየት እንደሚያልፍ፣ ሰው የት እንደሚመሽግ አስቦ ነው። እያንዳንዱ ስም ለመንገደኛ መመሪያ ነበር።

ትልቁ ራስ ግን በስሙ ተበድሏል። የአገሬው ሰው ራስ ደጀን ይለዋል። ደጀን በጦር ቋንቋ ከኋላ ሆኖ የሚያግዝ ኃይል፣ መመኪያ ማለት ነው፤ ለአገሪቱ ከፍተኛ ተራራ የሚገባ ስም ነው። የውጭ አገር ካርታ ሠሪዎች በጆሯቸው የያዙትን ዳሸን ብለው ጻፉት፤ ያ ስም በትምህርት ቤት መጻሕፍት ገባ፣ ባንክና ቢራ ተሰየመበት፣ በዚያው ጸና። ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች እ.ኤ.አ. በ1841 አናቱ ላይ መውጣታቸው ተመዝግቧል፤ እረኞች ግን ከዚያ በፊትም በአካባቢው ከብት ያግዱ ነበር። ከፍታውም እንደ ስሙ ተለዋውጧል፦ በቀድሞ መጻሕፍት 4,620 ሜትር ይባል የነበረው በኋለኞቹ ልኬቶች 4,550 ሜትር ገደማ ሆኗል። ባንኩም ቢራውም ስማቸውን ይዘው ይቀጥሉ፤ ካርታውና የመማሪያ መጽሐፉ ግን ወደ ደጀን ቢመለሱ ተገቢ ነው።

የስሜን ስም ከኢትዮጵያም ወጥቷል። በ1830ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ኤድዋርድ ሩፐል የተባለ የፍራንክፈርት ተወላጅ የተፈጥሮ ሊቅ እዚህ ተራራ ላይ ወጥቶ እንስሳቱን አጠና። ዋልያን «ካፕራ ዋሊ»፣ ጭላዳን ደግሞ አሁን «ቴሮፒቴከስ ጌላዳ» በሚባልበት ስም ለሳይንስ አስተዋወቃቸው፤ ሁለቱንም ከአገሬው ሰው አፍ እንደሰማቸው ነው የጻፋቸው። ቀይ ቀበሮን «ካኒስ ሲሜንሲስ»፣ የስሜን ውሻ አለው። በዓለም ላይ ከቀሩት ጥቂት መቶ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ የሚበልጡት የሚኖሩት ባሌ ነው፤ በሳይንስ መጽሐፍ ግን የባሌውም ቀበሮ የስሜን ሆኖ ይጠራል። ዋልያ ግን ከስሜን በቀር የትም የለም። የብሔራዊ ቡድኑ ተጫዋቾች ዋልያዎቹ ሲባሉ ስታዲየሙ ውስጥ የሚጠራው ከእነዚህ ገደሎች የወጣ ስም ነው።

እነዚህን እንስሳት ለማዳን ነው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ የተቋቋመው። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲጀምር ከገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች መካከል ስሜንና ላሊበላ ነበሩ። ክብሩ ከባድ ዋጋ ነበረው። ፓርኩ የተከለለው ሰው በሚኖርበት አገር ላይ ነው። በደርግ ዘመን ከገደሉ ሥር ያሉ መንደሮች ነዋሪዎች ተነሡ። እ.ኤ.አ. በ1996 ቦታው የዋልያና የቀይ ቀበሮው ቁጥር በመመናመኑ፣ እርሻና ግጦሽም በመስፋፋቱ ምክንያት አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ከዚያ ዝርዝር ለመውጣት መደረግ ካለባቸው ነገሮች አንዱ የግጭ ጉዳይ ነበር።

ግጭ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከፓርኩ እምብርት የነበረች መንደር ናት። ነዋሪዎቿ በአብዛኛው ሙስሊሞች ነበሩ። ክብ የሣር ጎጆዎቻቸው በተዳፋቱ ላይ ተጠጋግተው ይታዩ ነበር፤ ዙሪያው ገብስ ነው፣ ከገብስ በቀር ብዙ ነገር በዚያ ብርድ አይበቅልም። ማሳው ቁልቁል ስለሚወርድ በሬ ሲጠመድ አራሹ አንድ እግሩን ከላይ፣ አንዱን ከታች አድርጎ ነው ሞፈሩን የሚይዘው። ከማሳው በላይ ጓሳና ጅብራ ይጀምራል፤ ጭላዳው መንጋ ሆኖ ተቀምጦ ሣሩን በጣቶቹ እየነጨ ይበላል፤ ገብሱ ሲያሸት ወደ ማሳው ይመጣል፣ ልጆችም ወንጭፍ ይዘው ይጠብቁታል። ሰው፣ ከብትና የዱር አውሬ አንድ ሜዳ ይሻሙ ነበር። ሣሩ አለቀ፣ አፈሩ ታጠበ። የተፈጥሮ ባለሙያዎቹ ስጋት መሠረት ነበረው።

በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ አባወራዎች ካሳ ተከፍሏቸው ከግጭ ተነሥተው ደባርቅ ሰፈሩ። በቀጣዩ ዓመት ስሜን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ወጣ። ለፓርኩ ድል ነው፤ ሣሩም ማገገም ጀመረ። ለግጭ ሰው ግን አንድ ሙሉ የኑሮ ዘዴ ነው የተዘጋው። ማረስና ከብት ማርባት የሚያውቅ ሰው ከተማ ዳር ቤት ሠርቶ፣ በብር ገዝቶ መብላት ጀመረ። የዋልያን መትረፍ የሚወድ ሰው ሁሉ ለዚያ ሲባል ከቤቱ የወጣውን ገበሬ ዕዳ ማወቅ አለበት፤ ካሳ ተከፍሎ አልቋል ተብሎ የሚዘጋ መዝገብ አይደለም።

«ግጭ» የሚለው ስም ራሱ አልጠፋም። ካምፑ በስሙ ይጠራል፤ አስጎብኚዎች ከሳንቃ በር ወደ ግጭ፣ ከግጭ ወደ እሜት ጎጎ፣ ከዚያ ወደ ጨነቅ እያሉ ለእንግዳ ያስረዳሉ። ሊጠፉ የሚችሉት ከእሱ በታች ያሉት ናቸው። በደጋ መንደር ስም የሌለው ነገር የለም፦ እያንዳንዱ ማሳ፣ እያንዳንዱ ምንጭ፣ ከብት የሚወርድበት ዳገት፣ ሰው የወደቀበት ገደል የራሱ መጠሪያ አለው። እነዚህ ስሞች በወረቀት ላይ አይገኙም። የሚኖሩት «ከእገሌ ምንጭ ቅዳ»፣ «በእንትን በር መልሳት» በሚል የዕለት ትእዛዝ ውስጥ ነው። የሚያዝና የሚታዘዝ ሰው ከቦታው ሲነሣ ስሙ የሚጠራበት ምክንያት ያጣል። በ2008 ከግጭ ሲወጡ ሕፃን የነበሩ ልጆች ዛሬ ጎረምሶች ናቸው፤ ያደጉት በደባርቅ ሰፈር ስሞች ነው።

ደባርቅ አሁን ዩኒቨርሲቲ አላት። የግጭ አዛውንት ደግሞ በዚያችው ከተማ ይኖራሉ፤ ተራራውን ያውቃሉ። የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች እነዚያን አዛውንት ይዘው ወደ አምባው ቢወጡና እየዞሩ ቢጠይቁ፣ ድምፁን በስልክ ቢቀዱ፣ ቦታውን በጂፒኤስ ቢያስይዙ በጥቂት የበጋ ወራት የሚያልቅ ሥራ ነው። የምንጮቹን ስም የሚጠየቁት ውሃ ሲቀዱ የኖሩት እናቶች ናቸው፤ የገደሎቹን ስም እረኞቹ ያውቁታል፤ የማሳዎቹን ድንበርና ስም በሽምግልና የኖሩት። በጃናሞራ፣ በበየዳና በደረስጌም ቤተ ክህነቱና መስጊዱ የያዙት ብዙ አለ። ሥራው ካለቀ በኋላ ፓርኩ የሚያሳትመው ካርታ ላይ ከከፍታው ቁጥር ጎን እነዚህ ስሞች ይግቡበት፤ በራስጌውም ላይ «ስሜን» ተብሎ፣ በ«ስ» ይጻፍ።